ሠላሳ ጊዜ «ተገጥሟል»

ሰኞ፣ 5

ይህን ደብተር የሰጡን የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን ናቸው። «በየቀኑ ጥቂት ጻፉ፤ የምትጽፉት ካጣችሁ ስለ አየሩ ጻፉ» ብለዋል። እኔ የምጽፈው አላጣም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ የተጠራቀመ አለ፤ የሚያሳስበኝ ደብተሩ መብቃቱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ራሴ። ከሃያ ሦስት ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣችው ልብስ ሰፊዋ ከእኔ እየገለበጠች ነው ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ። አሁን ሁለተኛውን ደረጃ ጀምረናል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ።

ሥራዬ ከጉሎ ፍሬ ዘይት ጨምቆ የሞተር ነዳጅ የሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከፋብሪካው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ የሙከራ ክፍል አለ። እዚያ አንዲት የአውቶቡስ ሞተር ብረት አልጋ ላይ ታስራ የጉሎ ነዳጅ እየጠጣች ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። የትም አትደርስም፤ ዝም ብላ ትሮጣለች። የእኛ ሥራ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣውን እየለኩ መመዝገብ ነው። የአውቶቡስ ድርጅት ሰዎች ነዳጁ ከናፍታ የጸዳ መሆኑን ካመኑ ይገዛሉ፤ ካላመኑ ክፍሉም እኛም እንዘጋለን። ሞተሯን «እሜቴ» ያልኳት እኔ ነኝ። በየቀኑ ጉሎ ጠጥታ ሆዷ የሚጸዳ ሌላ እመቤት የት ትገኛለች?

አብሮኝ የሚሠራው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ እለዋለሁ። እዚህ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤት የላከኝም እሱ ነው። «የተማረው ምላስህ ብቻ ነው፤ እጅህንም አስተምረው» ብሎ። ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ትምህርት ባለኝ ቀን እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ እሱ ብቻውን እስከ አንድ ሰዓት እሜቴን ይጠብቃል።

ደከመኝ። መጻፍ ጉሎ ከመጫን ይከብዳል። ይህን ለመምህሯ አልናገርም።

ረቡዕ፣ 7

የሙከራውን ክፍል የሚመራው መሐንዲስ ዛሬ የእሜቴን መዝገብ ለእኔ ሰጠ። እስከ ትናንት ከቢሮ አንድ ጸሐፊ አፍንጫውን ይዞ እየመጣ ነበር የሚሞላው። «አሁን አንተ ትጽፋለህ አሉ» አለኝ መሐንዲሱ። «የሚሉት እውነት ነው» አልኩት።

ቤት ይዤው መጣሁ። በእያንዳንዱ መስመር ቀን፣ የተሠራበት ሰዓት፣ የሞተር ሙቀት፣ የጭስ ቱቦ፣ የወረቀት ቁጥር፣ ፊርማ ይሞላል። የጭስ ቱቦ የሚባለው ከእሜቴ ጭስ ማውጫ ተነሥቶ በግድግዳው ቀዳዳ ጭሱን ደጅ የሚያወጣ፣ እንደ አሮጌ ሱሪ የተጨማደደ ተጣጣፊ ብረት ነው። በየቀኑ ስለሚገጠም በየቀኑ የሚጻፈው አንድ ቃል ነው፦ ተገጥሟል። ቃሉ አማረኝ። «ሟ» ለእኔ ከፊደል ሁሉ ያስቸገረችኝ ነበረች፤ አሁን እንደ ባለርስት ተደላድላ ትቀመጥልኛለች። ገጹ ሠላሳ መስመር አለው። ሠላሳውንም ሞላሁት። ከነገ ጀምሮ እስከሚቀጥለው ወር ሰባት ቀን ድረስ ቱቦው ተገጥሟል።

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ምንድነው የምትደጋግመው?»

«ተገጥሟል።»

«የነገውን ዛሬ?»

«አንቺስ የነገውን ሽንኩርት ዛሬ አይደል የምትከትፊው?»

«ሽንኩርቱ እኮ እጄ ላይ አለ» አለች።

ሴት ልጅ ከተማረ ሰው ጋር መኖር ይከብዳታል።

ሐሙስ፣ 8

ጋሼ መዝገቡን ገልብጦ አየው። ማንበብ ባይችልም ዓይኑ ሹል ነው። «ይሄ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ የሚወርደው ምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ።

«ከሁለታችን ሞኙ ማነው ጋሼ?»

«ወረቀቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

እየሳቅን የመለኪያዋ ልጅ ደረሰች። ከዋናው ቢሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሳጥን ይዛ ትመጣለች። የእኛ ልኬት በነጭ ወረቀት ነው፤ ቱቦውን ነቅለን፣ ጭሱን በትንሽ ፓምፕ በወረቀቱ ውስጥ ስበን፣ የጠቆረውን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ከተደረደረ የግራጫ ቀለም ካርድ ጋር እናስተያያለን። በናፍታ ጊዜ አራት ነበር፤ የድስት ቂጥ ይመስላል። በጉሎ ግን አንድ እንኳን አይሞላም። የእሷ ሳጥን ግን ወረቀት የማይይዘውንም ይለካል።

«ጥላሸቱ በጣም ቀንሷል፣ ሌላውም ቀንሷል» አለች። «አንዱ ጋዝ ግን በናፍታ ከነበረው ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ያህል ከፍ ብሏል። ሞተሩ ውስጥ ከሙቀቱ የተነሣ አየሩ ራሱ ሲቃጠል የሚፈጠር ነው።»

«እኛ ወረቀት ላይ የለማ፣ እህቴ» አልኳት።

«ወረቀት የሚይዘው ቀለም ያለውን ነው። ይሄ አይታይም። ቱቦውን ለልኬት ስትነቅሉት ወዲያው መልሱት።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሳጥኗን ስትዘጋ እጇ እንደ ሐኪም እጅ ነው።

ማክሰኞ፣ 13

ዝናብ። ሦስተኛ ቀኑ። በቱቦው ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ ቱቦውን ተከትሎ ወርዶ ከእሜቴ ሥር ይጠራቀማል። የማሰሪያው ብሎን ዝጓል። ለአንዲት ወረቀት ስል በቀን ሁለት ጊዜ እነቅለዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ እገጥመዋለሁ፤ ዛሬ አውራ ጣቴን አቃጠለኝ። ብዕር የምይዝበትን ጣት።

ነቀልኩትና ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ቀዳዳውን በጆንያ ጠቀጠቅኩት። በሩንም ዘጋን፤ ዝናቡ የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን እየረጨው ነበር።

ጋሼ «ልጅቷ መልሱት አላለችም?» አለ።

«የትኛውን ጭስ ነው ደጅ የምናወጣው? ወረቀቱን እየው፤ ሸማ ነው። ልጅቷ የምታውቀው ሳጥኗን ነው። እኔ ወረቀቱን አነበዋለሁ።»

ቱቦውን ትንሽ አየው። «ይሁን። የተማርከው አንተ ነህ» አለ።

ሐሙስ፣ 15

ዛሬ ቢያዩኝ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሰዎች አምስት ሆነው መጡ፤ አንደኛው መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ገባ። መሐንዲሱ ቁጥር ይዘረዝራል፣ እነሱ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ምን አደረግኩ? አጎንብሼ አፍንጫዬን ከእሜቴ ጭስ ማውጫ አጠገብ አድርጌ ሳብኩት፤ ሽቶ እንደሚያሸት ሰው። «ጌቶች፣ ይሄ ጭስ አይደለም፣ የወጥ ቤት ሽታ ነው። ትንሽ ጨው ብቻ ነው የጎደለው» አልኳቸው። መሐረብ የያዘው ሰውዬ መሐረቡን ኪሱ ከተተ። ሁሉም ሳቁ። ቱቦው የት ሄደ ያለ የለም፤ ለእነሱ ሲባል የተነቀለ መሰላቸው።

መሐንዲሱ ሲሸኛቸው ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ጋሼ አልሳቀም። ጋሼ ሳቅም ይቆጥባል።

ዓይኔ ሲያነባ ዋለ። ከሳቅ ነው።

ቅዳሜ፣ 17

ድካም። ዝናብ። ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል፣ ከማንበብ ብዛት ይሆናል። ጋሼ ያስለዋል። ጉንፋን ነው አለ። በዚህ ዝናብ ማን አያስለው?

ወረቀት፦ አንድ አይሞላም። ቱቦ፦ መዝገቡን ይመልከቱ።

ሐሙስ፣ 22

የመለኪያዋ ልጅ ቀን ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት ገብቼ ቱቦውን ገጠምኩት። ብሎኑ እንቢ ብሎኝ በመዶሻ ነው። ጆንያውን አወጣሁ። ጋሼ ሲገባ አየ፤ ካፖርቱን ሰቀለና መዶሻውን ከእጄ ተቀብሎ ቦታው መለሰው። 

ልጅቷ ለካች። ያ ጋዝ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ያልደረሱትን ቀኖች በመዳፌ ሸፍኜ መዝገቡን ያዝኩላት፤ እስከ ዛሬ ያለውን አየችና «ጽሕፈትህ ያምራል» አለችኝ። «ቱቦው ሁልጊዜ አለ ማለት ነው?»

«እንደሚያዩት ነው» አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም። የምታየው እሱን ነው።

ስትሄድ ነቀልኩት። ዝናቡ አላቆመም።

አንድ ነገር ብቻ። ችግር የሌለው ነገር ከሆነ ለምን በጧት ተነሥቼ ገጠምኩት? ይህን ጥያቄ መጻፍ ባልችል ኖሮ አልጠይቀውም ነበር። ደብተር መጥፎ ጓደኛ ነው።

ቅዳሜ፣ 24

ትናንት እኔ ትምህርት ላይ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ስወጣ መሐንዲሱ ደውሎ «ዛሬ ሙሉ ጭነት» ብሎ ነበር። ሙሉ ጭነት ማለት እሜቴ ሰው እስከ በሩ ሞልታ ዳገት እንደምትወጣ አውቶቡስ ሆና ትጨነቅ ማለት ነው። ጋሼ «ሂድ፣ ይረፍድብሃል፣ እኔ አለሁ» አለኝ። በሩን ከኋላዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዝናብ ስለነበረ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤታችን መጣ። አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። ባለቤቴ ውሃ ስትሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ክፍሉ ውስጥ ጭስ ነበረ ወይ?» አለችው።

«ጭስስ የለም። ጥርት ያለ ነው። አየሩ ግን እንደ በርበሬ ደረቴ ውስጥ ገባ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። ጥዬያት እንዳልሄድ ሙሉ ጭነት ላይ ነበረች።»

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ የተማርነውን አዲስ ቃል አወራሁ። ምን እንደነበረ ዛሬ አላስታውሰውም።

ሰኞ፣ 26

ጋሼ ሥራ ገባ። እንኳን ደህና ሆነ። «ጉሎው እኔንም አጸዳኝ» ብሎ ቀለደ። የእኔን ቀልድ ነው የወሰደው፤ አላስከፈልኩትም።

ቱቦውን ገጠምኩት፣ ለመለኪያዋ ልጅ ብዬ አይደለም። አዲስ ብሎን ከመጋዘን ለምኜ። ከእንግዲህ አይነቀልም። መዝገቡ ላይ ልጽፈው ብገልጠው ተጽፎ ቆየኝ። «ተገጥሟል» ይላል፤ የትናንቱም፣ የትናንት በስቲያውም፣ የዛሬውም አንድ ነው። ከውሸቱ እውነቱን የሚለይ ምልክት ፈለግኩ፤ የለም። የእጅ ጽሕፈቴ አንድ ዓይነት ነው።

ማክሰኞ፣ 4 (ሌላ ወር ገባ)

ጋሼ የሙከራውን ክፍል ሦስት ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ሲያርፍ አየሁት። ሦስት ደረጃ። ወደ ሰማይ እያየ ዝናቡን የሚመረምር መሰለ። ዛሬ ግን ዝናብ የለም።

ሐሙስ፣ 6

ሆስፒታል ገባ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ኦክስጅን አደረጉለት። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ድካም ከዓይኗ ሥር ተቀምጧል። ሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም አለች። «ሥራ ላይ ጋዝ ወይም ጭስ አግኝቶት ያውቃል?» ብላ እሱንም እኛንም ጠየቀች። መሐንዲሱ «ጭሱ በቱቦ ነው የሚወጣው፣ የየቀኑ መዝገብ አለን፣ አመጣልሻለሁ» አላት።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ኮፍያዬን ይዤ።

ቅዳሜ፣ 8

መሐንዲሱ መዝገቡን ለዶክተሯ አሳይቶ መለሰው። «ጋዝ ከምክንያቶቹ ዝርዝር ወጣ። እድሜና ብርድ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአውቶቡሶቹ ሰዎች በዚህ ሳምንት ነው የሚወስኑት። ጽሕፈትህ አዳነን» አለ።

ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ምሳዬን ሳልበላ ወደ ቤት መለስኩት።

እሑድ፣ 9

ለዶክተሯ ልነግራት ሄድኩ። እውነቴን ነው፤ እስከ በሯ ድረስ ሄድኩ። ወጣችና «ምን ልርዳዎት?» አለች። «ዶክተር፣ የሆስፒታሉ ሾርባ በሽተኛ ለማዳን ነው ወይስ ለማባረር?» አልኳት። ፈገግ አለች። አመስግኜ ተመለስኩ። የማመሰግናት ለምንድነው?

ሰኞ፣ 10

መድኃኒቱ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ለውጥ የለም። ባለቤቴ በኮሪደሩ ስታልፍ ነርሷ ለሌላዋ «ያ የፋብሪካው ሰውዬ መድኃኒቱ አልያዘለትም፤ የማናውቀው ነገር አለ» ስትል ሰምታለች። ቤት እንደገባን ነገረችኝ። ሳትጮህ ነው የነገረችኝ፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«በዚያ ዓርብ ቱቦው ነበረ?»

«መዝገቡ ላይ...»

«መዝገቡን አልጠየቅኩህም። እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተን ነው የምጠይቀው።»

 ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ይሸተኛል።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አለች። «ወንድሜ በየሳምንቱ ሦስት ቀን ያንተን ሰዓት የቆመልህ እኮ እንድታውቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ በሩ ቁልፍ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ 12

ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቀኑ ገና ነው፤ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ፣ አጠገቤ አንዲት እናት ልጇን አስተኝታ ታራግብለታለች።

ጧት ሥራ ቦታ ሄጄ መዝገቡን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ጥበቃው «ምንድነው?» ሲለኝ «የእሜቴ የዘር ሐረግ ነው» አልኩት። ቀልዱ ከአፌ የሚወጣው እኔን ሳያማክር ነው።

ዶክተሯን ከሌላ በሽተኛ ስትወጣ ያዝኳት። መዝገቡን ከፈትኩላት።

«ይሄን አይተውታል።»

«አዎ፣ ባለፈው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ሠላሳውንም ባንድ ቀን ተቀምጬ ነው የጻፍኩት፤ ያኔ ገና የሆነ ነገር አልነበረም። ቱቦው ተነቅሎ ነበር። ቀዳዳው ተጠቅጥቆ፣ በሩ ተዘግቶ።»

ተቆጣች ማለት አልችልም። ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና እስክሪብቶ አወጣች። «ከመቼ እስከ መቼ? በቀን ስንት ሰዓት? እሳቸው ብቻቸውን የነበሩት መቼ መቼ ነው? ጋዙን የለካ ሰው አለ?»

መዝገቡን አየሁት። የሚነግረኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። ዓይኔ በሠላሳው መስመር ላይ ወጣ ወረደ፤ እንደማያነብ ሰው። ያኔ ነው ይህ ደብተር ኪሴ ውስጥ እንዳለ ትዝ ያለኝ።

«ሌላ መዝገብ አለኝ» አልኳት።

አነበብኩላት። ጮክ ብዬ። ማክሰኞ 13ን አነበብኩ። ሐሙስ 15 ላይ ስደርስ ያን የጨዋታውን ነገር ልዘለው አሰብኩ፤ ዘለልኩት። «ዓይኔ ሲያነባ ዋለ» ብዬ ቀጠልኩ።

«ከምን የተነሣ?» አለች። «አይዝለሉ፣ ሁሉንም ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት። «ትንሽ ጨው ብቻ ነው የጎደለው» የሚለውን ለዶክተር ማንበብ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። አልሳቀችም። ጻፈች። 17ን፣ 22ን፣ 24ን። መሐል ላይ «ሙሉ ጭነት ለሁለት ሰዓት፣ ብቻቸውን» እያለች ለራሷ ትደግማለች። የመለኪያዋን ልጅ ቃል ከሐሙስ 8 ሳነብላት እጇ ቆመ።

«ይሄ ጋዝ ሰውን የሚያታልል ነው» አለች። «ያኔውኑ ያሳምማል፣ ይሻላል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ያስመስላል፤ ከዚያ ሳንባው ውስጥ ትንንሾቹን ቧንቧዎች ማጥበብ ይጀምራል። እኔ የምሰጣቸው የሳንባ ምች መድኃኒት ነው። ይሄኛው ሌላ መድኃኒት ነው የሚፈልገው።»

«አሁን ረፍዷል?»

«ሐሙስ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አለች። «ዛሬ ከነገ ይሻላል።» ተነሥታ ሄደች፤ በፍጥነት።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ስድስት። እነዚህን ቀኖች መቁጠር የተማርኩት መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው።

ዓርብ፣ 14

አዲሱን መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ቀን። ዛሬ ጭንብሉን አንሥቶ ማውራት ፈቀዱለት፤ አጭር አጭር። ባለቤቴ ከአልጋው ማዶ ተቀምጣለች፤ ወደ እኔ አታይም።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጽፌው ነበር እንኳን። «ጋሼ፣ ቱቦውን...» ብዬ ስጀምር እጁን አነሣ።

«እኔስ የት ነበርኩ? ግድግዳው ላይ ተደግፎ እያየሁት አይደለም እንዴ የዋልኩት?»

ደነገጥኩ። እኔ ለካስ የእኔ ብቻ ምስጢር አድርጌው ነበር።

«ታዲያ ዶክተሯ ስትጠይቅህ ለምን አልነገርካትም?»

ትንፋሹን ጠበቀ። ሲጠብቅ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል።

«ብነግራት... መዝገቡን የጻፈው ማነው ትላለች። ሥራህ ይሄዳል። ትምህርትህ ይሄዳል።» ደግሞ ጠበቀ። «ጉንፋን መስሎኝ ነው። እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም።»

ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።  በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ የምለው ሲጠፋኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሊመዘገብ ይገባል።

«ይሄን ለዶክተሯ ያነበብክላትን... አንብብልኝ» አለ።

አነበብኩለት። በ8 ላይ ስለ ሞኝና ወረቀት የተባባልነው ሲደርስ ሊስቅ ሞከረና ሳሉ ቀደመው። ነርሷ ጭንብሉን ልትመልስለት መጣች። ከመልበሱ በፊት ደብተሩን ተቀብሎኝ ገጹን በጣቱ ዳሰሰው፤ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው።

«ጽሕፈትህ ግን ያምራል» አለ።

ማክሰኞ፣ 18

መሐንዲሱ ጠራኝ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው። የዶክተሯ ደብዳቤም አለ። የአውቶቡሶቹ ሰዎች ውሳኔያቸውን አዘግይተዋል፤ ክፍሉ የአየር ማስተንፈሻ እስኪሠራለት ይዘጋ ተብሏል።

«እኔ አምኜህ ነው» አለ።

«ሙሉ ጭነት ብለው የደወሉት እርስዎ ነዎት» ልለው ነበር።  ልክ ነው ደውሏል፤ በሩን ግን የዘጋሁት እኔ ነኝ። «እውነት ነው» አልኩት።

ከዛሬ ጀምሮ በርሜል ጫኝ ነኝ። መዝገቡን ያ አፍንጫውን የሚይዘው ጸሐፊ መልሶ ተረከበ። ስወጣ በሙከራው ክፍል በኩል አለፍኩ። እሜቴ ጸጥ ብላለች። ሸራ ለብሳ፣ ቱቦዋ ተገጥሞ። ቀረብ ብዬ ብሎኑን ነካሁት፤ ጠብቋል።

ትከሻዬ አለቀ። የሚያስቅ ነገር ዛሬ አላገኘሁም።

ሐሙስ፣ 20

ትምህርት ቤት ቀርቼ ነበር፤ መምህሯ ቤት ድረስ መጡ። አልመለስም አልኳቸው። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አናገረችኝ፦ «ይመለሳል። ወንድሜ ለምን እዚያ የተኛ መሰለህ?» አለች።

እመለሳለሁ።

ሰኞ፣ 24

ጋሼ እኛ ቤት ነው፤ ቅዳሜ አወጡት። ዶክተሯ ሳንባው ወደ ድሮው ይመለሳል ብላ አልማለችም። የተወሰነው ይመለሳል፣ የተወሰነው እንደ ጠበበ ይቀራል፤ የትኛው ስንት እንደሆነ ጊዜ ይናገራል አለች። በየቀኑ የሚራመደውን ቆጥራችሁ ጻፉልኝ ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችን። በመስመር የተከፋፈለ፤ ቀን፣ እርምጃ፣ ስንት ጊዜ እንዳረፈ። ሠላሳ መስመር አለው። ስታቀብለኝ ለጥቂት ጊዜ አልለቀቀችውም።

ቅዳሜ፦ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ስምንት እርምጃ፣ አንድ ዕረፍት።

እሑድ፦ አሥራ አንድ፣ አንድ ዕረፍት።

ዛሬ እስከ ውጭው በር ልሂድ አለ። ባለቤቴ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው። እኔ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ነበር፤ አሥራ ሁለት ላይ «አሥራ አምስት በል፣ ማን ያውቃል» አለኝ። «አይሆንም ጋሼ» አልኩት። አሥራ ሦስት ላይ ቆመ። አረፈ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ። አረፈ። በሩን በእጁ ነካው፤ ሃያ ሁለት።

ተመልሶ እስኪተኛ ድረስ እስክሪብቶ አልያዝኩም። ከዚያ ጻፍኩ፦ ሰኞ፣ ሃያ ሁለት፣ ሁለት ዕረፍት።

ባለቤቴ ሽንኩርቷን ይዛ መጥታ በትከሻዬ ላይ አየች። «ከሥሩ ያለውስ?» አለችኝ።

«የነገው ነው» አልኳት። «ባዶ ነው።»